የማሎሜ ድርሻ

ጨው ሜዳ፣ ከአፒንግተን ወዲያ
ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2002

አቡቲ ሞዲሪ፣ ታላቅ ወንድሜ፣

አንተም፣ ባለቤትህም፣ ልጆቹም እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ አለን። ባለቤቴ ቱሶ ወገቡን ያመዋል፣ ግን ጨዉን እየዛቀ ነው። ሴቱንያ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቅሎላታል። ታላቅ ወንድም ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ታናሽ እህት አንዱንም አለመመለሷ ነውር መሆኑ አልጠፋኝም፤ ይቅር በለኝ። ልጽፍልህ ቁጭ ባልኩ ቁጥር የምትለው ነገር ቀድሞ ይሰማኝና እስክሪብቶውን አስቀምጠዋለሁ።

የጠየቅከኝን ልመልስ። አዎ፣ እውነት ነው። በእኛና በእናንተ መሀል የሚመላለሰው የአውቶቡሱ ሾፌር ወሬ ላይ ቅመም ይጨምራል እንጂ ከባዶ ሜዳ አያመጣም። ሴቱንያን ከትምህርት ቤት አውጥተናታል። ሦስተኛ ክፍልን የምትማረው ቤት ውስጥ ነው፣ አስተማሪዋም እኔ ነኝ። አላበድኩም። ቤተ ክርስቲያንም አልቀየርኩም። የነጮቹን ገበሬዎች ሚስቶች ልምሰል ብዬም አይደለም። እነሱ ልጆቻቸውን ሳሎን ቁጭ አድርገው ሲያስተምሩ ግን ማንም ወንድም ከታውንግ ተነስቶ "ምን ነካሽ?" አይላቸውም።

ምክንያቱን በአንድ ደብዳቤ አልጨርሰውም። ባጭሩ ትምህርት ቤቱ ለልጄ አልሆናትም።

ከአንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። የክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ቅጽ ሰጥቶኛል። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ሁሉንም ሞልቼ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርታለች፦ "በቤት መማር ለልጁና ለቤተሰቡ የሚስማማው ለምንድን ነው?" አራት መስመር ክፍት ቦታ ሰጥተውኛል። ጸሐፊው "ልምድ ያለው አስተማሪ የድጋፍ ደብዳቤ ቢጽፍልሽ ነገሩ ይቀላል" አለኝ። እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት ዓመት ያስተማረ፣ ርዕሰ መምህር የሆነ ወንድም አለኝ። እባክህ ጻፍልኝ። ቅጹ እስከ ጁላይ መጨረሻ መግባት አለበት።

አትደውል። ስልኩ ያለው የጨው ፋብሪካው አለቃ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እኔ ሳወራ ግማሹ ሰፈር ጆሮውን ያቆማል።

እህትህ ዲኔዮ


ታውንግ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2002

ለእህቴ ለዲኔዮ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቱሶ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጠፍቶ በቆሎው ጉልበት ላይ ቆሟል።

ደብዳቤሽን በቀይ አርሜ መልሼልሻለሁ። አትቆጪ፣ የልምድ ጉዳይ ነው። ሦስት ቦታ አራት ነጥብ ረስተሻል። ልጅ አስተምራለሁ ብሎ የተነሳ ሰው አራት ነጥብ አይረሳም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፍየሉ!

በገና ሰሞን ቱሶ ፍየል አርዶ፣ ዘመድ ሰብስቦ፣ ስለ ሴቱንያ ትምህርት ምክር እንደተያዘ ሰምቻለሁ። ማን ነበረ? የቱሶ እህት ነበረች። የቱሶ አጎት ነበረ። ጎረቤት ሳይቀር ነበረ። ማሎሜ ግን የለም! የእናት ወንድም ሳይጠራ ስለ እህቱ ልጅ የሚመከረው ከየት በመጣ ሥርዓት ነው? እሺ፣ ሩቅ ነኝ፣ መንገዱ አስቸገረ እንበል። ጭንቅላቱስ? በእንዲህ ያለ ቀን የታረደ ፍየል ጭንቅላቱ የማሎሜ ድርሻ መሆኑን ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቃል። የእኔን ድርሻ የቱሶ እህት ቀቅላ እስከ ምላሱ እንደጨረሰችው ሾፌሩ ነግሮኛል። "ጆሮውንማ ለውሻው ወረወረችለት" አለኝ። ጆሮውን!

ለሆዴ ብዬ እንዳይመስልሽ። ጭንቅላቱን የበላ ሰው ነገ ስለ ልጅቷ ይጠየቃል፤ ትርጉሙ ይኸው ነው። ታዲያ እኔ ባልበላሁት፣ ባልተጠየቅኩበት ነገር ላይ ልፈርም?

የድጋፍ ደብዳቤ አልጽፍም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየመንደሩ እየዞርኩ "ልጆቻችሁን ወደ ትምህርት ቤት ላኩ" ስል ኖሬ፣ ዛሬ የገዛ እህቴን "አበጀሽ፣ አውጪያት" ልበል? በየት አገር ነው የምኖረው?

ችግሩ ያ ትምህርት ቤት ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ልጅቷን ወደ እኔ ላኪያት። ልጅ ማሎሜው ቤት ማደጉ አዲስ ነገር አይደለም። አንቺንስ ማን አስተማረሽ? እናታችንን ለማስታመም ቤት በቀረሽበት ጊዜ የማባዛት ሰንጠረዡን እስከ አስራ ሁለት በሦስት ሳምንት ያስጨበጥኩሽ እኔ አይደለሁም?

ወንድምሽ ሞዲሪ


ጨው ሜዳ
ማርች 10 ቀን 2002

አቡቲ ሞዲሪ፣

የታረመው ደብዳቤዬ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ቱሶ አይቶት "ወንድምሽ ሲሞት መቃብሩ ላይ የሚጻፈውን ቀድሞ ያርመዋል" አለ። ሳቅኩ፤ ከሳቅኩ በኋላ ግን ደሜ ፈላ።

ስለ ጭንቅላቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከልቤ ነው። ለአንተ ብዬ ለብቻው ያስቀመጥኩት ነበር፤ እንግዳ ሳስተናግድ የቱሶ እህት "ይሄ ምን ይሠራል?" ብላ ድስት ውስጥ ከተተችው። ሰው ፊት ልጨቃጨቃት አልፈለግኩም። ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የምሸነፈው። ጆሮውን የበላው ውሻ ግን ምንም አልተጠቀመም፤ ዛሬም ሲጠሩት አይሰማም።

አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ። ሴቱንያ ክፍል ውስጥ ምላሷ ይያዛል። ትንተባተባለች። አስተማሪዋ ሃምሳ አራት ልጅ ነው ያላት፤ በተራ ቆመው እንዲያነቡ ታደርጋለች። ባለፈው ኦክቶበር ልጄ አንድ ቃል ላይ ቆማ ቀረች። ክፍሉ በሙሉ ያንን የተያዘችበትን ድምፅ አብሯት እየደጋገመ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ የጨው ፋብሪካው መኪና ሊወስዳቸው ሲመጣ ታስመልሳለች። ቅዳሜ ሁለት ሳህን ገንፎ ትበላለች። እሁድ ማታ እንደገና ሆዷን ትይዛለች። አንድ ሙሉ ወር አፏን እያጠብኩ ወደ መኪናው ገፍቼ አስገብቻታለሁ። አንተ ብትሆን እስከ መቼ ትገፋለህ?

ቤት ውስጥ ግን አንድም ቀን ተንተባትባ አታውቅም። ከአባቷ ጋር ስታወራ፣ ከፍየሎቹ ጋር ስትጨቃጨቅ እንደ ውሃ ነው የሚፈስላት። ለዚህ ነው ያወጣኋት። ሌላ ምስጢር የለውም።

ደግሞ ጨዋታ ላይ ያለን እንዳይመስልህ። ዩኒፎርሟን አለብሳታለሁ። በር ላይ የሐዲድ ቁራጭ ሰቅያለሁ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እደውላለሁ። የእናታችን ሣጥን ውስጥ ያቺን የድሮ የእንጨት ማስመሪያህን አገኘኋት፣ ጫፏ ላይ ስምህ የተቀረጸባትን። መስመር አሰምርባታለሁ።

ወደ አንተ መላኩ አይሆንም። ለምን አትበለኝ፤ ሆድ ይፍጀው።

ዲኔዮ


ታውንግ
ኤፕሪል 7 ቀን 2002

እህቴ ዲኔዮ፣

ፋሲካን እንዴት አሳለፋችሁ? እኛ ቤት እንግዳ በዝቶ ሁለት ቀን ሙሉ መጽሐፍ አልገለጥኩም።

የቱሶን ቀልድ ለባለቤቴ አነበብኩላት። እስካሁን ትስቃለች። ለቱሶ "ገና አልሞትኩም" በይልኝ።

ስለ ልጅቷ የጻፍሽው አሳዝኖኛል። ሆኖም ላርምሽ። ልጅ በሚከብደው ነገር ላይ እየተለማመደ እንጂ እየሸሸ አይጠነክርም። ዩኒፎርም ማልበስሽና ደወል መስቀልሽ ግን አስደስቶኛል፤ እውነት ለመናገር እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ አልጠበቅኩም። ያቺ ማስመሪያ እስከ ዛሬ መኖሯ ይገርማል! ከመጀመሪያ ደመወዜ ላይ ነው የገዛኋት። ስንት ነገር አስተምራለች!

የሦስተኛ ክፍል የንባብና የሒሳብ ፈተና አያይዤ ልኬያለሁ። ሰዓት ይዘሽ ፈትኛት፣ ወረቀቱን መልሺልኝ። ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ስለ ድጋፍ ደብዳቤው እናስብበታለን። እናስብበታለን ነው ያልኩት። ያለ ጭንቅላት ነገሩ አሁንም ጎዶሎ ነው።

ወደ እኔ የማትልኪያት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የለም። "ሆድ ይፍጀው" ምክንያት አይደለም።

ሞዲሪ


ጨው ሜዳ
ሜይ 5 ቀን 2002

አቡቲ፣

ደህና ነን። ሴቱንያ ደህና ናት። ይህን የምጽፈው ደብዳቤውን የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሞ ነው፤ ስለማሳጥረው ይቅርታ።

ፈተናውን አልፈተንኳትም። ጊዜ አልነበረም። ቤት እየዋልን ጊዜ እንዴት እንደሚጠፋ አትጠይቀኝ። ደህና ናት፣ ትንሽ ደክሟት ነው።

ቅጹም አልተሞላም። አራቱን መስመር በእርሳስ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። አንድ ጊዜ "ልጄ ቤት ደስተኛ ስለሆነች" ብዬ ነበር።

ልትመጣ ማሰብህን ሾፌሩ ነግሮኛል። አሁን አትምጣ። ቤቱ አይመችም። እሷ ደህና ናት ብያለሁ።

ዲኔዮ


ታውንግ
ሜይ 19 ቀን 2002

ዲኔዮ፣

በአንዲት ገጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ "ደህና ናት" ብለሽኛል። እኔ ሃያ ሦስት ዓመት የልጆች ሰበብ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደህና የሆነ ልጅ እናቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው "ደህና ነው" የምትለው።

ይህን ደብዳቤሽን አላረምኩትም። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ምን ሆነች? እውነቱን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አውቶቡስ ላይ ወጥቼ እመጣለሁ፤ ቤቱ ቢመችም ባይመችም።

ሞዲሪ


ጨው ሜዳ
ጁን 2 ቀን 2002

አቡቲ ሞዲሪ፣

እሺ። ልንገርህ።

አሁን ቤትም ትንተባተባለች።

ይህን መጻፍ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። የጀመራት ማርች መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ስታነብ ብቻ ነበር። ታልፋለች ብዬ "እንደገና፣ ከመጀመሪያው" እያልኩ አስደገምኳት። ከዚያ በሒሳብ ጊዜም መጣ። አንድ ቀን እራት ላይ አባቷን ጨው አቀብለኝ ልትለው ፈልጋ ቃሉ አልወጣ አላት። የጨው ሠራተኛ ልጅ ጨው ማለት አቃታት። ቱሶ እኔን አየኝ። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

አልመታኋትም። በእናታችን መቃብር እምልልሃለሁ፣ በጣቴ እንኳ አልነካኋትም። ስትሳሳት በማስመሪያዋ ጠረጴዛውን ነው የምመታው። ግን ታውቃለህ? ማስመሪያዋን ሳነሳ እጆቿን ጠረጴዛው ስር ትደብቃለች። ማንም መትቷት አያውቅም። ታዲያ መደበቁን ማን አስተማራት? እኔ ነኝ የነገርኳት ይሆን፣ በተቆጣ ፊቴ?

ያለፈው ሐሙስ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ከጓሮ ድምፅ ሰማሁ። ሴቱንያ ትንሿን የፍየል ግልገል አጥሩ ላይ አስራ፣ ማስመሪያዋን ይዛ ከፊቷ ቆማለች። "እንደገና! ከመጀመሪያው! ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ራስሽ ውስጥ ያለው ጭድ ነው እንዴ?" ትላታለች። አንድም ቦታ ላይ ምላሷ አልተያዘም። ልሳቅ ነበር። ከዚያ ቃሎቹን አወቅኳቸው። እኔ የምላቸው ናቸው፤ ግን የእኔ አይደሉም። የአንተ ናቸው፣ አቡቲ። "ራስሽ ውስጥ ያለው ጭድ ነው እንዴ?" ያልከኝ ሰባት ጊዜ ስምንት ጠይቀኸኝ ዝም ያልኩ ቀን ነው። አስር ዓመቴ ነበር። እናታችንን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ነበር የተቀመጥኩት። ያቺን ማስመሪያ በጠርዟ አድርገህ ግራ እጄን መታኸኝ። ትንሿ ጣቴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ታመኛለች። ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ ስድስት ነው። አልረሳሁትም።

ለምን አልላክሻትም ስትለኝ ነበር። ይኸውልህ። አንተ እንዳትመታት ብዬ ቤት አስቀርቼ፣ ራሴ አንተን ሆኜ ጠበቅኳት። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በትምህርት ቤቱም ተናድጃለሁ፣ በአንተም ተናድጃለሁ፤ እንደ ራሴ ያናደደኝ ግን የለም።

አንድ ጥሩ ነገር ልንገርህ፣ ሁሉም ክፉ እንዳይሆን። ቱሶ ትምህርቱን ያቆመው አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደል እየለቀመ ነው የሚያነበው። ከሥራ ሲመለስ መዝሙር መጽሐፉን ይዘው አንድ ላይ፣ ድምፃቸውን አጋጥመው ያነባሉ። እሱ ሲዘገይ እሷ ትዘገያለች። አብራው ስታነብ አንድ ጊዜ እንኳ ተይዛ አታውቅም። እኔ አምስት ወር ሙሉ ሳስተምር ያላየሁትን እሱ ሳያስተምር አገኘው።

አሁን የፈለግከውን በቀይ አስምር።

ዲኔዮ


ታውንግ
ጁን 16 ቀን 2002

ዲኔዮ እህቴ፣

ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ባለቤቴ "ለማን ነው እንዲህ የምትጨነቀው፣ ለሚኒስትሩ ነው?" አለችኝ። ለእህቴ ነው አልኳት። ደብዳቤሽን አስነበብኳት፣ አንብባ ስትጨርስ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከማሰልጠኛ በወጣሁ በዓመቱ ነው። አንቺ ትምህርትሽን አቋርጠሽ እናታችንን ስታስታምሚ ከዘመድ አንድ ሰው እንኳ "ይህቺ ልጅስ?" ብሎ አልጠየቀም። በዘመዶቻችን ተናደድኩ፣ በበሽታው ተናደድኩ። እነሱን መምታት አልቻልኩም። አንቺ ቅርብ ነበርሽ። ተማርሽ፤ መማርሽን ሳይ ልክ የሆንኩ መሰለኝ። የባሰው ደግሞ ይህ ነው፦ አዲስ አስተማሪ በመጣ ቁጥር "እህቴን እንዲህ አድርጌ አስተምሬያታለሁ" እያልኩ ስፎክር ኖሬአለሁ። ስለ ጣትሽ ግን አላውቅም ነበር። አልጠየቅኩሽምም።

ይቅር በይኝ። በሕይወቴ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ይህን ቃል ለሰው ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ እኔ ላኪያት ማለቴን ትቻለሁ። የድጋፍ ደብዳቤውን ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ቀን አልጻፍኩበትም፤ ብታስገቢውም ባታስገቢውም ያንቺ ነው። ጭንቅላት አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ብቻ እንደ ማሎሜ እጠይቃለሁ። ያ ሁሉ ሰው ፍየል እየበላ መከረ፣ እኔ በደብዳቤ ጮህኩ፣ አንቺ ደወል ሰቀልሽ፤ ልጅቷን ግን ማን ጠየቃት? አንቺንም ያኔ የጠየቀሽ አልነበረም። ትምህርት ቤት ይሻላታል ወይስ ቤት? ጠይቂልኝ። የምትለውን እንዳለ ጻፊው። አታርሚላት። ቃሏን ነጥቀሽ አትጨርሺላት፤ እስክትጨርስ ጠብቂያት።

ሞዲሪ


ጨው ሜዳ
ጁላይ 7 ቀን 2002

አቡቲ ሞዲሪ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ። ይቅር ብዬሃለሁ። ጣቴ ግን አሁንም ታመኛለች፤ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጠየቅኳት። ደወሉን አውርጄ፣ ማስመሪያዋን ደብቄ፣ ሻይ ቀድቼ ጠየቅኳት። "ማሎሜ ነው የሚጠይቅሽ" አልኳት። ብዙ ቦታ ላይ ተያዘች። እንደነገርከኝ አፌን ዘግቼ ጠበቅኳት፤ ከባድ ነው፣ ማስተማር ከዚያ ይቀላል። ሻዩ ቀዘቀዘ። ያለችው ይህን ነው፣ አንድ ቃል አልነካሁበትም፦

"ትምህርት ቤት ስማር ስምንት ሰዓት ላይ ቤት እመጣ ነበር። አሁን ቤት አልመጣም።"

እጄን በአፌ ጫንኩ። ያ አራት መስመር ስንት ወር አስጨነቀኝ፣ እሷ በሁለት መስመር ጨረሰችው።

በማግስቱ አንድ ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ነገር አደረግኩ። በመኪናው ሄጄ አስተማሪዋን አገኘኋት፤ ትምህርት ቤቱ ለዕረፍት ቢዘጋም ቢሮ ውስጥ ሥራዋን ትሠራ ነበር። ከዚያ በፊት አንድም ቀን አላነጋገርኳትም። ኩራቴ ነው። ስለ ልጄ ችግር ባወራ ለሰው አፍ አሳልፌ የሰጠኋት መስሎኝ። "ምላሷ እንደሚያዝ አውቃለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እንደሚያስመልሳት ግን ማን ነገረኝ?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ነበርኩ መንገር የነበረብኝ። እንዲያም ሆኖ መጮህ ያማረኝን ያህል ጮህኩባት፤ እሷም "ሃምሳ አራት ልጅ ይዘሽ እስኪ አንድ ሳምንት ቁሚልኝ" ብላ መለሰችልኝ። ተነታርከን ስንጨርስ የቱሶን ነገር ነገርኳት። "እንግዲያው ሁሉንም ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስነብባለሁ፤ እሷ ብቻ ተለይታ አትታይም" አለችኝ። ይሳካል አላለችም። እንሞክር ነው ያለችው።

ሴቱንያ በጁላይ መጨረሻ ትመለሳለች። ቅጹንና ደብዳቤህን የእናታችን ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ነገሩ ካልሆነ አወጣቸዋለሁ። ያኔ ግን የማስተምራት በአባቷ መንገድ ነው። ቤት መማር ለልጄ ሊስማማት ይችል ነበር። ያልተስማማው ለእኔ ነው።

ትናንት ፍየል አርደናል፤ ይህን ምክር ለመዝጋት። የቱሶ እህት መጥታ ነበር። ድስቱ አጠገብ ቆሜ ጭንቅላቱን ጠበቅኩት፤ "አንዲት ጣት ታነሺና!" አልኳት። ጭንቅላቱ በአውቶቡሱ ይመጣልሃል። በጆንያ ውስጥ፣ በጨው ቀብሬዋለሁ፤ እዚህ ጨው አይቸግርም። ጨዉን እስከ ታች ድረስ ዛቀው። ከጭንቅላቱ ስር ሌላም ነገር አለ። እሱም የማሎሜ ድርሻ ነው።

ዲኔዮ


ታውንግ
ጁላይ 18 ቀን 2002

ዲኔዮ፣

ጆንያው ደርሷል። ሁለቱም ጆሮ አለ፣ ቆጥሬአለሁ። ሾፌሩ "ምን ይሆን ይህን ያህል የሚከብደው?" ሲለኝ "የእኔ ነው" አልኩት።

ጨዉ እንዲለቀው ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ አቆየሁት። እስከ ታች ዛቅኩ፣ እንዳልሽኝ። ማስመሪያዋን ሳገኛት መጀመሪያ ያየሁት ስሜን ነው። ረጅም ሰዓት ይዣት ተቀመጥኩ።

ጭንቅላት ለመቀቀል ግማሽ ቀን የሚነድ እሳት ይፈልጋል። ወደ መጨረሻው እንጨቱ አነሰ። ባለቤቴ ከጎረቤት እንጨት ልታመጣ ስትነሳ "ተዪው፣ አለኝ" አልኳት። ደረቅ እንጨት ናት፣ ቶሎ ነደደች።

ጭንቅላቱን በልቻለሁ። ለማንም አላካፈልኩም። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ልጅቷ እኔም እጠየቃለሁ። ጽፈሽ ንገሪኝ፣ ክፉም ቢሆን።

ሞዲሪ


ጨው ሜዳ
ጁላይ 25 ቀን 2002

አቡቲ፣

ክፉም ቢሆን ብለኸኛልና አልዋሽህም። ሰኞ ተመለሰች። ገንፎዋን ግማሽ በልታ ፊቷ ገርጥቶ ወጣች። ማክሰኞ አስመለሳት፤ አፏን አጥቤ ስቆም መኪናው ሊሄድባት ሆነ፣ ሮጣ ተሳፈረች። እኔ አልገፋኋትም። ረቡዕ አብራት የምታነበው ልጅ ቀርታ ብቻዋን ሆነች፤ አስተማሪዋ ሌላ ልጅ አምጥታ አስቀመጠችላት መሰለኝ፣ ሴቱንያ አጥርታ አልነገረችኝም። ይሳካ አይሳካ አላውቅም። በጣም ነው የምፈራው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ድስት እያጠብኩ ሳለ መኪናው ሲቆም ሰማሁ። ከዚያ እግሯን ሰማሁ። በሩ ላይ ቆመች፣ ልትጠራኝ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ተያዘች። ዞር አላልኩም፣ ቃሉንም አልጨረስኩላት። እጄን ውሃው ውስጥ አድርጌ ጠበቅኳት።

"እማዬ፣ መጣሁ" አለች።

ዲኔዮ